ዋጋችን ከተነበበ በኋላ ጨረታው ተሰረዘ፤ እንከራከር ወይስ ድጋሚውን እንግባ?

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ከባለቤቴ ጋር ቧንቧ ውሃ አካባቢ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤት አለን። እዚሁ ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 300 የተማሪ ዴስክ ሊገዛ ጨረታ አወጣ፤ ገባን። ፖስታ ሲከፈት አምስት ነበርን። ዋጋ ሲነበብ የኛ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ሃያ ቀን ጠበቅን። ባለፈው ሰኞ ሰሌዳ ላይ 'ጨረታው ተሰርዟል' የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። ብንጠይቅ 'የመሰረዝ መብታችን የተጠበቀ ነው' አሉን። ዛሬ ሐሙስ ያው 300 ዴስክ በድጋሚ ጨረታ ወጣ። የተጨመረው አንድ መስመር ነው፤ 'ከአምራች የተሰጠ የፈቃድ ደብዳቤ ማቅረብ የሚችል' ይላል። አምራቾቹ እኮ እኛው ራሳችን ነን! ለጨረታ ማስከበሪያ ያስያዝነው ሲፒኦም (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ገና አልተመለሰም። ባለቤቴ 'እንክሰሳቸው' ይላል። እኔ ደግሞ ተጣልተን ሌላም ሥራ እንዳናጣ ፈራሁ። ምን ይሻላል?»

አብሽሩ እህቴ። ከሁሉም በፊት ስለ ቀኑ ልንገርዎ። ማታውኑ ቁጭ ብዬ የምጽፍልዎትም ለዚህ ነው።

በግዥ ጉዳይ የአቤቱታ ጊዜ አጭር ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ሥርዓት ተጫራች ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት የሚለው ቅር ያሰኘውን ነገር ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ነበር። ኃላፊው አይቶ ለመወሰን 10 የሥራ ቀናት ነበሩት። መልስ ያጣ ወይም መልሱ ያልጣመው ሰው ደግሞ ሌላ 5 የሥራ ቀን ቆጥሮ ወደ አቤቱታ አጣሪ ቦርድ ይሄድ ነበር። ያን አዋጅ አሁን አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል። ክልላችንም የራሱ የግዥ አዋጅና መመሪያ አለው። እናንተን የሚመለከተው የቀን ገደብ የገዛችሁት የጨረታ ሰነድ ውስጥ፣ የተጫራቾች መመሪያ የሚለው ክፍል ላይ ይፈለጋል። እስኪያገኙት ድረስ ግን 5 የሥራ ቀን ብቻ ነው ያለኝ ብለው ይነሱ። ወረቀቱ የተለጠፈው ሰኞ ከሆነ፣ ማክሰኞን አንድ ብለን ብንቆጥር የሚቀጥለው ሰኞ አምስት ይሞላል። እስከዚያ አይጠብቁ። ደብዳቤዎ ነገ ዓርብ ይግባ።

«ማወቅ ከነበረበት» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበሉ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈን ወረቀት «አላየሁም» ማለት ብዙ አያዋጣም። እናንተ ደግሞ ሄዳችሁ ጠይቃችኋል፤ እንደምታውቁ እነሱም ያውቃሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የምንሠራ ሰዎች ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ነው የምንኖረው። የከተማ አስተዳደሩና የዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት በክልሉ ሕግ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ በፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም እንደዚያው። አንድ ነጋዴ በአንድ ሳምንት ለሁለቱም ፖስታ ያስገባል። ከዚያ የአንዱን ቀን ለሌላው ይቆጥርና ጊዜ ያልፍበታል። ስለዚህ ደብዳቤ ላይ የአዋጅ ቁጥር ከመጥቀስ በፊት መሥሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ ማየት ነው። ቁጥር ከመሳሳት «በሥራ ላይ ባለው የግዥ ሕግ መሠረት» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንምጣ። «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» በኩር ጋዜጣን የሚያነብ ነጋዴ በቃሉ ያውቃታል። የማስታወቂያው ሁሉ መዝጊያ ናት። ከመደጋገሟ የተነሳ ሰው እንደ ማኅተም ማየት ጀምሯል፤ የግዥ ሠራተኛውም ጭምር።

መብቱ አለ። እሱን መካድ አይቻልም። መንግሥት የማይፈልገውን ዕቃ ጨረታ ስላወጣ ብቻ ይግዛ አይባልም። ግን «መብቴ የተጠበቀ ነው» ማለት «እንዳሻኝ አደርጋለሁ» ማለት አይደለም። አዋጅ 649/2001 ጨረታ ውድቅ የሚደረግባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጦ ነበር። የጨረታውን ውጤት ሊለውጥ የሚችል ስህተት በሂደቱ ላይ መፈጸሙ ሲረጋገጥ አንዱ ነው። የሥራ ዕቅድ ተለውጦ ወይም ሌላ የተሻለ አማራጭ ተገኝቶ ግዥው የማይጠቅም ሲሆን ሌላው ነው። ተጫራቾች በሙሉ ዝቅተኛውን መስፈርት ሳያሟሉ ሲቀሩ አለ። የቀረበው ትንሹ ዋጋ ከጨረታው በፊት ከተጠናው የገበያ ዋጋ ጋር ሳይገጥም ሲቀርና እንደገና ቢወጣ የተሻለ ዋጋ ይገኛል ተብሎ ሲታመንም አለ። ተጫራቾች ተመሳጥረው ውድድሩን ማበላሸታቸው ሲረጋገጥ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ለተጫራቾች ወዲያው መነገር ነበረበት። በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ መሥሪያ ቤቱ ጨረታ ውድቅ በማድረጉ ብቻ ለተጫራቾች ተጠያቂ እንደማይሆን ይናገር ነበር። ይህችን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው፤ ስለ ክሱ ስናወራ እንመለስባታለን።

እንግዲህ ጠቡ ያለው እዚህ ጋ ነው። «ለምን ሰረዛችሁ» ብለው ቢሄዱ «መብታችን ነው» ይሏችኋል፤ ያበቃል። «በየትኛው ምክንያት ሰረዛችሁ» ብለው በጽሑፍ ቢጠይቁ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መልስ መጻፍ አለበት። የጻፈው መልስ ደግሞ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር መግጠም ይኖርበታል። የማይገጥመው ያን ጊዜ ነው የሚታየው።

እኔ በራሴ ደርሶብኛል። ያውም በዚያኛው ወገን ሆኜ።

ኮምቦልቻ ተቀጥሬ በምሠራበት ዘመን የጨረታ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። የጽሕፈት ዕቃ ጨረታ አወጣን። ፖስታ ከፍተን ዋጋ ስናነብ ጉድ ፈላ። የፎቶ ኮፒ ወረቀቱን መለኪያ አልጻፍንም። ግማሹ በደስጣ ሞልቶታል፣ ግማሹ በካርቶን። ማንን ከማን ታወዳድራለህ? ተሰብስበን «የመለኪያ ስህተት ስላለ ይሰረዝ» ብለን ቃለ ጉባኤ ያዝን። እስከዚህ ድረስ ሥራችን ንጹሕ ነው። ደብዳቤውን ግን እኔ ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ላይ የቆየ የስረዛ ደብዳቤ ነበር። ቀኑንና ቁጥሩን ቀየርኩና አተምኩት። «የተሻለ አማራጭ በመገኘቱ» ይላል።

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በሁለተኛው ቀን ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ይዘው መጡ። «የተሻለው አማራጭ ምንድን ነው? ከማን ተገኘ? በስንት ብር?» ኃላፊው ጠርተው ጠየቁን። ቃለ ጉባኤው ሌላ፣ ደብዳቤው ሌላ። እውነተኛ ምክንያት በእጃችን እያለ የውሸት ምክንያት ጽፈን ተገኘን። ከማን ጋር እንደተመሳጠርን ሳይቀር ተጠየቅን። ደብዳቤውን አርመን ለሁሉም ተጫራቾች እስክንበትን ድረስ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ሽማግሌው በመጨረሻ ያን ጨረታ አላሸነፉም። ግን ከዚያ ወዲህ የሳቸው ፖስታ ሲመጣ ኮሚቴው ሁሉ ተጠንቅቆ ነበር የሚቀመጠው።

እና የኔ ዘዴ ከሳቸው የተማርኩት ነው። ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንደኛው የስረዛ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ስረዛው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ። ሦስተኛው የድጋሚ ጨረታው ሰነድ። ሁለተኛውን በቀላሉ አይሰጧችሁም፤ ግን አቤቱታ ሲቀርብ ኃላፊው ራሱ ያስመጣዋል። ሦስተኛውን ግን በገንዘባችሁ ትገዙታላችሁ። ሰው የሚረሳው ደግሞ እሱን ነው። መሥሪያ ቤቱ ለምን እንደሰረዘ ከማንም በላይ የሚናገረው አዲሱ ሰነድ ነው።

እስቲ በእናንተ ጉዳይ እንሞክረው። «በጀት የለም» ቢሉ፣ ሰኞ የሌለ በጀት ሐሙስ ከየት መጣ? «ፍላጎታችን ተለወጠ» ቢሉ፣ 300 ዴስክ 300 ዴስክ ነው፤ ስፔሲፊኬሽኑም ያው ነው። «ማንም መስፈርት አላሟላም» ቢሉ፣ የቴክኒክ ግምገማው ይታይ፤ እናንተ በምን እንደወደቃችሁ በጽሑፍ ይነገራችሁ። «ተመሳጥራችኋል» ማለት ከባድ ክስ ነው፤ ያን የሚል ማስረጃ ይዞ ነው።

የገበያ ዋጋው ምክንያት ግን ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። እናንተ ከሁሉም አንሳችኋል። ሆኖም ትንሹ ዋጋም ከገበያው በላይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጥያቄው የገበያ ጥናቱ መቼ ተሠራ የሚለው ነው። ጥናቱ ከጨረታው ማስታወቂያ በፊት የተሠራ መሆን ነበረበት። ፖስታ ተከፍቶ ዋጋ ከታየ በኋላ ፒያሳ ሁለት ሱቅ ተዞሮ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ የገበያ ጥናት አይደለም። ዕድሜውም ይታይ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የብረት ነገር ታውቁታላችሁ። ያን ሰሞን ባለፈው ዓመት ጥናት የዘንድሮን ዋጋ «ውድ ነው» ብሎ የጣለ መሥሪያ ቤት ስንቱ ነው! ጨረታው በድጋሚ ይወጣል፣ ዋጋው ይብሳል፣ ሰኔ ይደርሳል፣ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ምሬቴን ይቅር በሉኝ።

እንግዲህ የሚቀረው አንድ ነው። «የአምራች ደብዳቤ መጠየቅ ረስተን ነበር፤ ስህተት ነው» ሊሉ ይችላሉ። አዲሱ ሰነድ የሚደግፈው ይህን ብቻ ነው። ታዲያ እሱ የጨረታውን ውጤት የሚለውጥ ስህተት ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። የአምራች የፈቃድ ደብዳቤ ትርጉም ያለው ዕቃውን ራሱ ሳይሠራ ለሚያቀርብ ሰው ነው። ኮምፒውተር ወይም ፕሪንተር አስመጥቶ የሚሸጥ ሰው «ከፋብሪካው ጋር ግንኙነት አለህ ወይ? መለዋወጫ ታገኛለህ ወይ?» ሲባል ያንን ያሳያል። ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ የሚያስረክብ ሰው ደብዳቤውን ለራሱ ነው የሚጽፈው?

ይሁንና ቶሎ ክፉ አያስቡ። ከልምዴ ልናገር፤ እንዲህ ያለች መስመር ብዙ ጊዜ የምትገባው በተንኮል አይደለም። ከሌላ ጨረታ ሰነድ ኮፒ ተደርጋ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጨረታ ነበር፣ ፋይሉ ተከፈተ፣ ስሙ ተቀየረ፣ መስመሯ ቀረች። አንዳንዴ ደግሞ በእርግጥም ለአንድ ሰው ተለክታ የተሰፋች ናት። የቱ እንደሆነ የምታውቁት በመጠየቅ ነው እንጂ በመገመት አይደለም። ወደዚያው እመጣለሁ።

በእናንተ ቦታ ብሆን የሚያንገበግበኝ ስረዛው ሳይሆን ዋጋዬ በሰው ፊት መነበቡ ነው። ፖስታ ከመከፈቱ በፊት የተሰረዘ ጨረታ ብዙ አይጎዳም፤ የሰነድ ዋጋና ድካም ነው። ከተነበበ በኋላ ግን አራት ተወዳዳሪዎች የናንተን ዋጋ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ሄደዋል። ሁለተኛው ዙር ላይ እናንተ ካርታችሁን ገልጣችሁ ነው የምትጫወቱት። ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካኖች ለፌዴራል ግዥያቸው ለረጅም ዘመን የሠሩበት ደንብ አለ። በታሸገ ፖስታ የሚገባ ጨረታ ከተከፈተና ዋጋ ከተነበበ በኋላ የሚሰረዘው አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። በድርድር በሚደረገው ግዥ ግን፣ ዋጋው አደባባይ ስላልወጣ፣ ምክንያታዊ መሆኑ ይበቃል። ልዩነቱን ያመጣው ዋጋ መነበቡ ነው። እነሱም ጋ ቀኑ አጭር ነው፤ አቤቱታው ለኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በመደበኛው በ10 ቀን ውስጥ ይቀርባል፣ መሥሪያ ቤቱም በ100 ቀን ውስጥ ይወስናል። የነሱ ሕግ ደሴ ላይ አይሠራም። ሐሳቡ ግን ለኃላፊ ሲነገር ይገባዋል፦ «ዋጋችን ከተነበበ በኋላ ስለሆነ የተሰረዘው፣ ምክንያቱ ጠንከር ያለ ሊሆን ይገባል።» ይህችን ደብዳቤው ላይ ያስገቧት።

የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ሰው «በስረዛ ውሳኔ ላይ አቤቱታ አይቀርብም» ሊልም ይችላል። ከባዶ ያመጣው አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የግዥ ሞዴል ሕግ ላይ ሁሉንም ጨረታ ውድቅ የማድረግ ውሳኔ ከአቤቱታ ውጪ ነበር። ብዙ አገሮች ከዚያ ቀድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዴሉ ሲታደስ ያ ክልከላ ወጣ። እንዲህ ያለ ክርክር ከመጣ መልሱ ይህ ነው፦ ክልከላ ቢኖር እንኳ የሚመለከተው በሕጉ በተቆጠረ ምክንያት የተደረገን ስረዛ ነው፤ ምክንያት ያልተገለጸለት ስረዛ በየትኛው ምክንያት እንደተደረገ ማን ያውቃል? ስለዚህ አቤቱታችሁ «ለምን ተሰረዘ» አይሁን። «ያለ ምክንያት ተሰረዘ፤ ምክንያቱም አልተገለጸልንም» ይሁን።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። አንድ ገጽ ከበለጠ አይነበብም። አድራሻው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ ግልባጭ ለግዥ ክፍሉ። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

«በጨረታ ቁጥር … ለ300 የተማሪ ዴስክ ግዥ በወጣው ጨረታ ተወዳዳሪ ነበርን። ጨረታው በ… ቀን ተከፍቶ ዋጋችን በይፋ ተነቧል። በ… ቀን ጨረታው መሰረዙን ከማስታወቂያ ሰሌዳ አውቀናል። ማስታወቂያው የተሰረዘበትን ምክንያት አይገልጽም። በ… ቀን ደግሞ ተመሳሳይ ዕቃ፣ በተመሳሳይ ብዛትና ስፔሲፊኬሽን፣ በድጋሚ ጨረታ ወጥቷል። ስለዚህ አንደኛ፣ ስረዛው በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በየትኛው እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን፤ ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ከሌለ ስረዛው ተነሥቶ ግምገማው እንዲቀጥል፤ ሦስተኛ፣ አቤቱታችን እስኪወሰን የድጋሚ ጨረታው ሂደት እንዲቆይ እንጠይቃለን።»

በቃ። «አድልዎ ተፈጽሟል»፣ «ሙስና ነው» የሚል ቃል አይግባ። ማስረጃ የሌለው ስድብ መልካሙን ጥያቄም ይዞ ይወድቃል። ማስረጃ ካላችሁ ደግሞ ቦታው ሌላ ነው፤ ፀረ ሙስና አለ።

አንድ ነገር ደብዳቤው ላይ አይጻፉ። «አሸናፊ ነበርን» አይበሉ። ትንሽ ዋጋ ማንበብና ማሸነፍ አንድ አይደሉም። ዋጋው ከተነበበ በኋላ የሒሳብ ስህተት ይታረማል፤ ሰነድ ይጣራል፤ ቴክኒኩ ይገመገማል። ንግድ ፈቃዱ ያልታደሰ ትንሽ ዋጋ ዋጋ የለውም። አሸናፊ የሚባለው የአሸናፊነት ደብዳቤ የደረሰው ነው። ያ ደብዳቤ ደርሷችሁ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ውል ከተፈረመ ወዲያ ደግሞ ነገሩ የጨረታ ስረዛ መሆኑ ቀርቶ የውል ማቋረጥ ነው።

ድጋሚውን እንግባ ወይ ለሚለው፦ ግቡ! አቤቱታ ማቅረብና ድጋሚ መወዳደር አይጣሉም። አኩርፎ የቀረ ሰው አቤቱታው ቢሳካለት እንኳ እጁ ባዶ ሊሆን ይችላል። ለግዥ ክፍሉ ግን ሌላ ደብዳቤ ለብቻው ይጻፉ፤ የማብራሪያ ጥያቄ። «በሰነዱ ላይ የተጠየቀው የአምራች የፈቃድ ደብዳቤ ራሱ አምራች ለሆነ ተጫራች በአምራችነት የንግድ ፈቃዱ ይተካል ወይ?» ሌላ ምንም አይጨምሩ። ሰነዱ ላይ የማብራሪያ መጠየቂያ የመጨረሻ ቀን ይኖራል፤ ከሱ በፊት ይግባ። መልሱ የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ ሰነድ ለገዛ ሁሉ መድረስ አለበት። በእኔ ግምት «ይተካል» ይሏችኋል። ካሉ ነገሩ አለቀ። «አይተካም» ካሉ ደግሞ ከስረዛው የበለጠ ጠንካራ የአቤቱታ ምክንያት አገኛችሁ፤ ዴስክ የሚሠራውን ሰው ከዴስክ ጨረታ የሚያስወጣ መስፈርት ማለት ነውና። ይህን ሳይጠይቁ ገብተው፣ ወድቀው፣ ከዚያ ቢጮኹ ግን «ሰነዱን አንብበህ አይደል የገባኸው» ነው መልሱ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ተወዳዳሪው ከእናንተ ቁጥር ላይ ሃምሳ ብር ቀንሶ እንደሚመጣ ያስቡ። ግን በእልህ አትውረዱ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን አቋርጦ 300 ዴስክ የሚያመጣ ሰው የጭነት ወጪ አለበት፤ እናንተ የላችሁም። የላሜራና የቱቦላሬ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ እንደገና ጠይቁና ከዜሮ አስሉት። የድሮው ዋጋ አያስራችሁም። ዋጋ የሚጸናበት ቀን አልፎ ከሆነማ ጭራሽ ጉዳዩ አይነሳም። ከፍ ማድረግ ካስፈለገም ከፍ አድርጉ። ተሸንፎ መክሰር የለም፤ አሸንፎ መክሰር ነው ቤት የሚያፈርሰው።

ወደ ባለቤትዎ ክስ ልመለስ። ፍርድ ቤት የመጀመሪያ በር አይደለም። ኃላፊው ይወስን፤ ከዚያ በላይ ያለው አካል ይየው፤ ፍርድ ቤት ከዚያ በኋላ ነው። ጉዳዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔን በፍርድ ቤት የማስከለስ መንገድ ይሰጣል። ግን ምን እንደምታስወስኑ አስቀድማችሁ አስቡት። «ልናተርፍ የነበረውን ክፈሉን» ማለት በጣም ይከብዳል፤ ውል የለማ። ሰነድ የገዛችሁበትና ናሙና የሠራችሁበት ወጪም በራሳችሁ ነው፤ ሰነዱ ራሱ ተጫራች ለዝግጅቱ ያወጣውን ወጪ ራሱ ይሸፍናል ይላል። ቅድም ያልኩትን የተጠያቂነት ነገርም አይርሱ። ከክስ በተግባር የሚገኘው ውሳኔው እንዲሻር ወይም እንደገና እንዲታይ ማድረግ ነው። ለ300 ዴስክ፣ የጠበቃ ተከፍሎ፣ ወራት ጠብቆ፣ ያዋጣል ወይ? እኔ አላደርገውም። አቤቱታውን ግን አልተውም።

እርስዎ «ተጣልተን ሌላ ሥራ እንዳናጣ» ያሉት ፍርሃት ይገባኛል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሁሉም ሰው በሰርግም በለቅሶም ይገናኛል። ግን ከውስጥ ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ። ኮሚቴ የሚፈራው ተጫራችን ሳይሆን ኦዲተርን ነው። ኦዲተር ሲመጣ ፋይሉን ይከፍታል። መልስ ያላገኘ የጽሑፍ አቤቱታ ከተገኘ ግኝት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈች ደብዳቤ ለኮሚቴውም ጥቅም አላት፤ መልሶ ራሱን ያጸዳባታል። የሚያጣላው ቢሮ ገብቶ መጮህ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ «የማውቀው ሰው አለ፣ ስልክ ላስደውል» ማለት ነው። እውነት ይዞ በጓሮ በር የገባ ሰው እውነቱንም አስጠረጠረው።

ሲፒኦውን በሚመለከት ብዙ ክርክር የለውም። ጨረታው ከተሰረዘ ማስከበሪያው የሚያዝበት ምክንያት የለም፤ ይመለስ። በአቤቱታው ውስጥ አይቀላቅሉት። ሦስተኛ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለድጋሚው ጨረታ ሌላ ሲፒኦ ማሠራት ስላለባችሁ ገንዘቡ እንደሚያስፈልግ ይጥቀሱ። ይህን ግዥ ክፍሉ ወይም ፋይናንሱ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ኦርጅናሉን ሲቀበሉ ፈርመው ነው፤ ባንክ የሚፈልገው ኦርጅናሉን ነው።

ሦስቱንም ደብዳቤ በሁለት ሁለት ኮፒ ያትሙ። ለግዥ ሠራተኛው በእጅ አይስጡ፤ ሰውየው ደግ ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። መዝገብ ቤት ያስገቡና በሁለተኛው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ነገ ዓርብ መሆኑን አይርሱ። ቢሮው ለጁምዓ 5፡30 ላይ ይወጣል፣ እስከ 7፡30 አይመለስም፤ ከሰዓት ደግሞ ማኅተም ያዡ ሊጠፋ ይችላል። 3 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይገኙ።